ድምፃችን ምስክርነታችን ነው

 

የዛሬው ማስታወሻችን ስለ ኢማንና ስለ ምርጫ ነው። ምርጫ በተነሳ ቁጥር ዲላ ላይ ከወጣቶቻችን ሦስት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ «ፖለቲካ ቆሻሻ ነው፤ ሶላታችንን ብንሰግድ ይበቃናል» ይላል። ሌላው «ሙስሊም ዕጩ ካለ እሱን ነው፤ ከሌለ አያገባንም» ይላል። ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ ግቢ የገባው ተማሪ፣ «ዲን የግል ነው፤ ተራማጅ ሰው እምነቱን ቤቱ ትቶ ነው ወደ ፖለቲካ የሚሄደው» ይላል። ሁሉም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ሁሉም ግን አንድ ነገር ረስተዋል፦ ድምፅ መስጠት በአላህ ፊት የሚያስጠይቅ ምስክርነት ነው።

1. ድምፅ እንዴት ምስክርነት ይሆናል?

የፓኪስታኑ ዓሊም ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ (ረሒመሁላህ) ድምፅን በሦስት መልኩ ያዩታል፦ ሸሃዳ፣ ሸፋዓና ወካላ። አንድን ሰው ስትመርጡ «ይህ ሰው ለዚህ አማና ይበቃል» ብላችሁ ትመሰክራላችሁ። ኃላፊነት እንዲሰጠው ታማልዳላችሁ። በእናንተም በጎረቤቶቻችሁም ስም እንዲወስን ትወክሉታላችሁ። ስለዚህ ጥፋቱም ልማቱም እናንተን ይነካል።

ምስክርነት ደግሞ በቁርኣን ቀላል ነገር አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 283 ምስክርነትን መደበቅ የልብ ኃጢአት መሆኑን ይነግረናል። በሱረቱ ኒሳእ 135 በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ እንድንመሰክር ያዘናል። በሱረቱል ማኢዳ 8 ደግሞ አንድን ሕዝብ መጥላታችን ፍትሕን እንዳያስተወን ያስጠነቅቀናል። እነዚህን ሦስት አንቀጾች ያዙልኝ፤ ለሦስቱም ንግግሮች መልስ አላቸው።

2. «ፖለቲካ ቆሻሻ ነው» ለምትሉ

ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በማያምን ንጉሥ ግዛት ውስጥ የሀገሪቱን ግምጃ ቤት እንዲሾሙበት ጠይቀዋል። ምክንያታቸውም ጠባቂና አዋቂ መሆናቸው ነበር። ረሃብ እየመጣ ነበር፤ እህሉን በትክክል የሚያከፋፍል ሰው ያስፈልግ ነበር። ኢብኑ ተይሚያ ይህን ታሪክ ጠቅሰው እንዳስረዱት፣ ዩሱፍ የፈለጉትን ሁሉ ማድረግ አልቻሉም፤ የቻሉትን ያህል ፍትሕ ግን ሠርተዋል።

በምርጫ መሳተፍን የማይፈቅዱ ዑለማኦች እንዳሉ እናውቃለን፤ ክብራቸው የተጠበቀ ነው። ሌሎች ብዙ ዑለማኦች ግን መስለሓን አይተው ይፈቅዳሉ። ሸይኽ ኢብኑ ዑሠይሚን (ረሒመሁላህ) ስለ ምርጫ ተጠይቀው ግዴታ ነው እስከማለት ደርሰዋል፤ ደጋግ ሰዎች ከራቁ ቦታው ባዶ አይቀርምና።

ከራሳችን ታሪክም እንይ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ወጡ። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረዋቸው ነበሩ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ይብቃ፤ ኢትዮጵያዊ ሙስሊሞች ነን፤ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፤ በዓላችንም ይከበር አሉ። ብዙም ሳይቆይ ዒዱል ፊጥር፣ ዒዱል አድሓና መውሊድ የሀገሪቱ በዓላት ሆኑ። ዛሬ በዒድ ቀን ትምህርት ቤት የሚዘጋላችሁ እነዚያ ሰዎች «ሶላታችን ይበቃናል» ብለው ስላልተቀመጡ ነው።

ከ2004 ጀምሮ የነበረውን እንቅስቃሴም አስታውሱ። ስሙ «ድምፃችን ይሰማ» ነበር። ከጥያቄዎቹ ዋነኛው ምርጫን የሚመለከት ነበር፦ የመጅሊስ መሪዎቻችንን ራሳችን በነፃነት እንምረጥ። የሕዝቡ ጥያቄ አቅራቢ የኮሚቴ አባላት ታሰሩ፤ በ2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በኋላ ተፈቱ። በ2012 መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ፤ በነሐሴ 2017 ደግሞ የመጅሊስ ምርጫ ተካሄደ። ድምፁ እንዲሰማ ይህን ያህል የከፈለ ሕዝብ ልጅ፣ የድምፅ መስጫው ቀን ሲደርስ «ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ቢተኛ እንዴት ይሆናል?

3. «ሙስሊም ከሆነ ይበቃል» ለምትሉ

መልካም ሙስሊም ዕጩ ካለ መምረጥ ነውር የለበትም። ችግሩ ስሙ ብቻ ሲበቃን ነው። በሱረቱል ቀሶስ 26 ለሥራ የሚመረጥ ሰው ሁለት መለኪያ ተቀምጦለታል፦ ብርቱነትና ታማኝነት። ስሙ ሙሐመድ ሆኖ የቀበሌውን ገንዘብ የሚበላ ሰው ሁለተኛውን መለኪያ ወድቋል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓባዎቻቸው በመካ ሲሰቃዩ ወደ ማን ላኳቸው? ወደ ሐበሻው ንጉሥ፣ ወደ ነጃሺ። ያኔ ነጃሺ ክርስቲያን ነበሩ። የተመረጡበት ምክንያት በእሳቸው ዘንድ ማንም የማይበደል መሆኑ ነው። ከነቢይነት በፊት በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት የተደረገው ሒልፉል ፉዱልም የተበደለን ሰው፣ ባዕድ ቢሆንም፣ ለመርዳት የተገባ ቃል ኪዳን ነበር። ነቢያችን ከኢስላም በኋላም ለዚያ ዓይነት ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል።

አሁን ወደ ጌዴኦ እንምጣ። እዚህ እኛ ጥቂት ነን፤ አብዛኛው ጎረቤታችን ፕሮቴስታንት ነው። «እያንዳንዱ የራሱን እምነት ተከታይ ብቻ ይምረጥ» የሚለው ሕግ ቢጸድቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ማን ነው? እኛው ነን። ጎረቤታችን የመስጂድ ቦታ ጥያቄያችንን በፍትሕ እንዲያይልን ከፈለግን፣ እኛም የእሱን ሐቅ በፍትሕ ማየት አለብን። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ሲል፣ ጥቂት ለሆነ ማኅበረሰብ ትልቅ ጥላ ነው።

4. «ተራማጅ ሰው እምነቱን ይተዋል» ለምትሉ

«ተራማጅ» የሚለው ቃል በሀገራችን የገነነው በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ነው። የካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ከመካከላቸው ሃይማኖትን የኋላቀርነት ምልክት አድርገው ያዩ ብዙዎች ነበሩ። ጥያቄው ግን የእነሱ ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት በ1952 የጌዴኦ ገበሬዎች የባለርስቶችን በደል ተቃውመው ሚጭሌ ላይ ተነሥተዋል፤ ብዙዎቹም ወድቀዋል። እነዚያ አባቶች መጽሐፍ አንብበው አልተነሡም፤ የለፉበት ቡና ሲወሰድ ዙልም መሆኑን ያውቁ ነበር።

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ዝም ይላል? ሱረቱል ሐሽር 7 ሀብት በባለጸጎች መካከል ብቻ እንዳይዘዋወር ይላል። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚጀምረው በሚዛን አጉዳዮች ላይ በመዛት ነው። እስቲ ይህን በቡና ለቀማ ወቅት አንብቡት፦ ገበሬው እሸት ቡናውን ተሸክሞ መጥቶ ሚዛኑ ሲሰርቀው የሚጠብቀው ማን ነው? ይህ የዲን ጥያቄ ነው፤ የፖለቲካም ጥያቄ ነው። የሴት ልጅ የውርስ ድርሻ፣ የድሃ ሕክምና፣ የሥራ አጥ ወጣት ጉዳይም እንዲሁ።

ስለዚህ እምነታችሁን ቤት አትተዉ፤ ለምን ለድሃ እንደምትቆሙ የሚያስታውሳችሁ እሱ ነው። ነገር ግን በአደባባይ ስትናገሩ ጎረቤታችሁ በሚረዳው ቋንቋ ተናገሩ። አንቀጹ ለእናንተ ማስረጃ ነው፤ ለእሱ ደግሞ የተጭበረበረው ሚዛን ማስረጃ ይሁነው። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገርን እስኪስማሙ ይመክራሉ። እኛም ሹራ የሚባል ትእዛዝ አለን። መመካከርን ከማንም አንማርም፣ ለማንም አናስተምርም የምንል ሕዝብ አይደለንም።

5. ካርዱን ከመያዛችሁ በፊት

ሀ. ዕጩውን ስለ ብርታቱና ስለ ታማኝነቱ ጠይቁ። ከዚህ በፊት ምን ሠራ? ደካማውን እንዴት ያስተናግዳል?

ለ. ድምፃችሁን አትሽጡ። በገንዘብም፣ በቲሸርትም፣ በጫትም የተሰጠ ድምፅ የተሸጠ ምስክርነት ነው።

ሐ. ወሬ አጣሩ፤ ሱረቱል ሑጁራት 6 ይህንን ያዛል። በ2010 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ያንን ያየ ሰው ብሔርን ከብሔር፣ እምነትን ከእምነት የሚያጋጭ ጽሑፍ «ሼር» አያደርግም፤ የሚደግፈው ፓርቲ ቢጽፈውም።

መ. የሌላውን ምርጫ አክብሩ። ድምፅ ምስጢር ነው፤ አንቀጽ 38 ይህን ይጠብቃል። ይህ ገጽ ፓርቲ አይመርጥላችሁም፤ ሚንበርም የቅስቀሳ ቦታ አይደለም። አንድን ፓርቲ ባለመምረጡ የወንድማችሁን ኢማን አትለኩ።

ሠ. ጥሰት ካያችሁ በሕግ ተናገሩ። ጥር 29 ቀን 2015 ጌዴኦን ጨምሮ በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ነበር። በወላይታ ዞን ጥሰት በመገኘቱ ድምፁ ተሰርዞ በዚያው ዓመት ሰኔ እንደገና ተሰጠ። ጥሰትን አይቶ መናገርም ምስክርነት ነው።

ሁሉንም መዝናችሁ የሚበቃ ሰው ካጣችሁስ? ከሁሉም ጉዳቱ የሚያንሰውን ፈልጉ። እሱንም ካጣችሁ መተዋችሁ አውቃችሁ የወሰናችሁት ይሁን፤ ስንፍና አይሁን። ኢስቲኻራ ስገዱ፤ የምታምኗቸውን ታላላቆች አማክሩ።

ዛሬ ሱረቱል ካህፍን ስትቀሩ ከእነዚያ ወጣቶች ጋር ቆዩ። በዘመናቸው በነበረው ሥልጣን ፊት ቆመው ያመኑበትን ተናገሩ። እኛ ዋሻ መግባት አልተጠየቅንም፤ የተጠየቅነው ተሰልፈን እውነቱን መመስከር ብቻ ነው።

አላህ ምስክርነታችንን ያስተካክልልን። ለሀገራችን የሚራሩላትን መሪዎች ይስጠን። የዲላንና የጌዴኦን ሰላም፣ የቡናውንም በረካ ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።