የሮብዓም ሦስት ቀን

ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት መካከል ሥራ ይዘው ከወዲሁ በሰው ላይ የተሾሙ አሉ። አለቃ የሆነ ሰው በየቀኑ ይፈርዳልና፥ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 12 ያለውን የሮብዓምን ታሪክ ዛሬ ከሥራ ቦታ አንጻር እንመልከተው።

የሕዝቡ ጥያቄ የሥራ ጥያቄ ነበር። ሰሎሞን 30,000 ሰው መልምሎ በየወሩ 10,000 እያፈራረቀ ወደ ሊባኖስ ይልክ ነበር፤ አንድ ወር በሥራ፥ ሁለት ወር በቤት። ቤተ መቅደሱ 7 ዓመት፥ የንጉሡ ቤት 13 ዓመት ፈጀ። ሰሎሞን ሲሞት ሁለቱም ካለቁ ቆይተዋል። ሕዝቡ ግን ሴኬም ላይ ተሰብስቦ ቀንበሩ እንዲቀልለት ይለምናል።

ብዙዎቻችን ሮብዓምን ችኩል እንለዋለን። አልነበረም። 3 ቀን ወሰደ፤ ሽማግሌዎችን ጠየቀ፤ አብሮ አደጎቹንም ጠየቀ። (አብሮ አደጎቹ ለጋ ወጣቶች አይምሰሉን፤ እርሱ ሲነግሥ 41 ዓመቱ ነበር።) ነገር ግን በእነዚያ 3 ቀናት ሸክም ከተሸከሙት አንዱን እንኳ ጠርቶ፥ ሥራው አሁን ለምን ያስፈልጋል ብሎ እንደ መረመረ አልተጻፈም። ሁለቱም ወገን መካሪዎች የቤተ መንግሥት ሰዎች ነበሩ። አክብዶ መለሰ፤ ቀጥሎም የላከው ያንኑ የግዳጅ ሥራ አለቃ አዶኒራምን ነው። በድንጋይ ወገሩት፤ 10 ነገድም ተለየ።

እኔም በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ሳለሁ ለአስቸኳይ ትእዛዝ ትርፍ ሰዓት ጀመርን። ትእዛዙ አለቀ፤ ትርፍ ሰዓቱ ቀጠለ። ማጉረምረም ሲበዛ ሥራ አስኪያጁንና ሌሎቹን የፈረቃ ኃላፊዎች አማከርሁ፤ ሁሉም ምርቱ እንዳይቀንስ አሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ትርፍ ሰዓትን በቀን በ4፥ በሳምንት በ12 ሰዓት ይወስናልና፥ ከወሰኑ አላለፍንም እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ያው አዋጅ እንደ አስቸኳይ ሥራ ያለ ምክንያት እንደሚጠይቅ ግን ዘነጋሁ።

አንድ ማታ ጠና ያሉ እናት ከመኪናቸው ቀና ብለው፥ «ልጄ፥ ይህን ሁሉ የምንሰፋው ለማን ነው?» አሉኝ። መጋዘኑን ከፍቼ አየሁ፤ እስከ ጣራው ሞልቷል።

በማግስቱ አስኪያጁን አሳምኜ ትርፍ ሰዓቱን አስቆምሁ፤ ራሴን እንደ ጥሩ ዳኛ ቆጠርሁ። በሳምንቱ ሁለት ልጆች ቢሮዬ መጡ። የቤት ኪራያቸውን የሚከፍሉት በዚያ ገንዘብ ኖሯል። እነርሱንም አስቀድሜ አልጠየቅኋቸውም ነበር።