በጅቡቲ ከተማ የአማርኛ መጽሐፍ በስልክ ለመሸጥ፦ ትንሽ ገንዘብ ላለው ሰው

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አማርኛ የሚያነብ ሰው ሞልቷል። ፒኬ 12 ጭነት የሚጠብቅ ሹፌር አለ፣ ሄሮንና ሐራሙስ በሰው ቤት የምትሠራ እህት አለች፣ ልጁ ፊደሉን እንዳይረሳበት የሚሰጋ ወላጅ አለ። የከተማዋ መጻሕፍት ቤቶች ግን በዋናነት የፈረንሳይኛ ናቸው። ሱቅ መከራየት ለማይችል ሻጭ ይህ ሰፊ ክፍተት ነው፤ በአንድ ስልክና ለአንድ ካርቶን መጽሐፍ በሚበቃ ገንዘብ ሊገባበት ይችላል። አንድ ደንብ ብቻ ይያዝ፦ ለፎቶ ከሚሆን አንድ ናሙና በቀር፣ ገዢው ሳይታወቅ መጽሐፉ አዲስ አበባ ላይ አይገዛ።

በመጀመሪያ አምስት ርዕስ ብቻ ይምረጡ። ሃምሳ ርዕስ የሚዘረዝር ሻጭ ገዢውን ያደናግራል፤ ገንዘቡንም ይበትናል። እኔ ብሆን ሁለቱን ለልጆች አደርጋቸዋለሁ፤ አንዱ ፊደል ማስቆጠሪያ፣ ሌላው ባለ ሥዕል ተረት። ሦስተኛው ፈረንሳይኛን በአማርኛ የሚያስተምር መጽሐፍ ይሁን፤ እዚህ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ዕለታዊ መሣሪያው ነው። የቀሩት ሁለቱ ልብ ወለድ ይሁኑ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና ሳይታይ ይታወቃል፤ ብዙ ሰው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታልና። በጆሮው የወደደውን በእጁ መያዝ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም።

ቀጥሎ ዋትሳፕ ቢዝነስን ስልክዎ ላይ ይጫኑ፤ በነፃ ነው። በካታሎጉ ውስጥ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የሽፋኑን ፎቶ፣ የደራሲውን ስም፣ የገጹን ብዛትና ዋጋውን በፍራንክ ያስገቡ። ፎቶውን ጠዋት በር ላይ፣ በተፈጥሮ ብርሃን ያንሱት። ረጅም ቪዲዮ አይላኩ፤ ዳታ የሚቆጥብ ሰው አይከፍተውም። ዋጋ ደብቆ «በውስጥ መስመር ጠይቁ» ማለትንም እንተወው። የሚያፍር ሰው ሳይጠይቅ ያልፋል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ እሱን ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። በዋትሳፕ የብሮድካስት ዝርዝር አንድ መልእክት እስከ 256 ሰው ይደርሳል፤ የሚደርሰው ግን ቁጥርዎን ስልካቸው ላይ ለመዘገቡት ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሰው ቁጥርዎን እንዲመዘግብ ማድረግ ነው። በትንሽ ካርድ ላይ ስምዎን፣ ቁጥርዎንና «የአማርኛ መጻሕፍት» የሚለውን አሳትመው፣ አስፈቅደው በኢትዮጵያ ኮሚኒቲ ትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያድሉ፤ ኢትዮጵያውያን በሚያዘወትሩባቸው ምግብ ቤቶችም ይተዉ። ዋትሳፕ ለማይጠቀሙት ያንኑ ፎቶ በኢሞ ይላኩላቸው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አንድ ቻናል ይበቃል።

የከተማዋ የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ ቀትር ላይ ደግሞ ሙቀቱ ሁሉንም ቤት ያስገባል። መልእክቱን ሐሙስ ማታ ይልቀቁት። ጽሑፉ አጭር፣ ሰውን የሚያናግር ይሁን፦

«ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ይዘው ለሚመጡባችሁ ሁሉ፦ ፊደል የሚያስቆጥር ባለ ሥዕል መጽሐፍ ላስመጣ ነው። ዋጋው 1,500 ፍራንክ። የምትፈልጉ እስከ እሑድ ማታ ስማችሁን ላኩልኝ፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን መጽሐፉን ስትረከቡ ትከፍላላችሁ።»

ዋጋው ሲተመን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ። ብር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ የሚወሰን ሆኗል፤ የመጽሐፍ ዋጋም አዲስ አበባ ላይ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ስለዚህ ለማንም የሚነግሩት ዋጋ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። ለምሳሌ ያህል፣ መግዣው 700፣ ማምጫው 250፣ እዚህ ማድረሻው 150 ፍራንክ ቢሆን፣ በ1,500 የተሸጠ መጽሐፍ 400 ፍራንክ ያተርፋል። ከዚህ ላይ የሚበላሽ ወይም የሚቀር መጽሐፍ ይታሰብ።

ቅድሚያ ክፍያውን በስልክ፣ በዲ መኒ ወይም በዋፊ ይቀበሉ። ወዲያው «ወንድሜ፣ 750 ደርሶኛል፣ 750 ይቀራል» ብለው በጽሑፍ ያረጋግጡ። መጽሐፉ በተባለው ቀን ካልመጣ ገንዘቡን ሳይጠየቁ ይመልሱ። በዚህ ከተማ ወሬ ከኢትዮጵያዊ ወደ ኢትዮጵያዊ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ያልተመለሰ 750 ፍራንክ የሚያስቀረውን ገዢ በማስታወቂያ መመለስ አይቻልም።

ትዕዛዙ ሃያ ሲሞላ መጽሐፉን ያስገዙ። ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ 400 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሃያው ስምንት ኪሎ ገደማ ነው፤ አንድ ሻንጣ ይይዘዋል። ከለቡ ጣቢያ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ ነጋድ ጣቢያ የሚገባው ባቡር አንዱ አማራጭ ነው። ጉምሩክን ግን አስቀድሞ ጠይቆ፣ ለንግድ የሚገባ ዕቃ መሆኑን አሳውቆ ማስገባት ይገባል፤ የሚያመጣልዎትን ሰው ችግር ውስጥ አይክተቱት። እያንዳንዱ መጽሐፍ በላስቲክ ይጠቅለል፤ የባሕሩ እርጥበት ወረቀት ያበላሻል።

ቤት ለቤት መዞር ትርፉን ይበላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሁሉም የሚያውቀው ቦታ ይቅጠሩ፤ ለመሀል ከተማው ምኒልክ አደባባይ ወይም ሐሙዲ መስጊድ አጠገብ፣ ለባልባላ ሰዎች ደግሞ ለእነሱ የሚቀርብ ሌላ ቦታ።

የፌስቡክ የሚከፈልበት ማስታወቂያ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቦታውን ጅቡቲ ከተማ ላይ ብቻ ይወስኑ፤ ጽሑፉን በአማርኛ ይጻፉት፤ ገንዘቡም ከመጀመሪያው ዙር ትርፍ አይለፍ።

ደንበኛ «ፒዲኤፉን ብቻ ላክልኝ» ሲል እምቢ ይበሉ። ቴሌግራም ላይ እንዲህ የሚዞረው ፋይል የደራሲውን እንጀራ ይቆርጣል፤ በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይከለክለዋል። ለማስቀመስ ከተፈለገ ደራሲውን ወይም አሳታሚውን አስፈቅደው ሁለት ገጽ ያሳዩ።

ማን ምን እንደገዛ በደብተር ይመዝገብ። ፊደል ማስቆጠሪያ የወሰደችው እናት ከጥቂት ወራት በኋላ የንባብ መጽሐፍ ትፈልጋለች፤ ያኔ ቀድመው ይደውሉላት።