ከቅዳሴ የቀሩትን ማን ጠየቃቸው?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ታላቁ እራት በተናገረው ምሳሌ፣ ከተጠሩት ሰዎች አንዱ መሬት ስለ ገዛ፣ ሁለተኛው አምስት ጥማድ በሬ ስለ ገዛ፣ ሦስተኛው ሚስት ስላገባ ከግብዣው ቀርተዋል። መሬት፣ በሬ፣ ትዳር፤ ለምዕራብ ሸዋ ምእመን ይህ ምሳሌ ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለንም። ልብ ልንለው የሚገባን ግን ከሦስቱ ሁለቱ የቀሩት በትሕትና ይቅርታ ጠይቀው መሆኑን ነው። ግብዣውን ጠልቼዋለሁ ያለ አንድም ሰው የለም። ዛሬም በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪ ወይም በሐሮ ወንጪ ዳገት ላይ ከእሑድ ቅዳሴ የቀረ ሰው ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚሰጠው መልስ ጨዋነት ያለበት መልስ ነው፤ «ሥራ በዛብኝ»፣ «እንግዳ መጣብኝ»፣ «ትንሽ አሞኝ ነበር» ይላል። እውነተኛው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከዚህ መልስ በስተኋላ ተቀምጧል። በዚህ ትምህርት ልንመረምረው የምንሻው እርሱን ነው።

አስቀድመን ስለሚመጡት ጥቂት እንበል። ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው በአንድ ምክንያት አይደለም። አንዱ በእምነቱ ጽናት፣ ሌላዋ እናቷ ከሕፃንነቷ ስላስለመደቻት፣ ሌላው ኀዘን ስለ ደረሰበት፣ አንዳንዱም ከቅዳሴ በኋላ ዘመድ አዝማዱን ለማግኘት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ304 በሰሜን አፍሪካ፣ በንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ የስደት ዘመን፣ 49 የአቢቲና ክርስቲያኖች ክልከላውን ተላልፈው በእሑድ ጉባኤ ሲጸልዩ ተይዘው፣ ያለዚህ ጉባኤ መኖር እንደማይቻላቸው በዳኛ ፊት መስክረዋል። ሁላችንም ወደዚያ ማዕርግ አልደረስንም። ጌታችን እንጀራ ፈልገው የተከተሉትን ሰዎች የገሠጻቸው ካበላቸው በኋላ መሆኑን ስናስብ (ዮሐ. 6)፣ በአነስተኛ ምክንያት የመጣውን ሰው ማቃለል አይገባንም።

ወደ ቀሩት እንመለስ። በውጭ የሚታዩት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊካውያን ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የቁምስናችን ምእመን ተራርቆ የሚኖር ነው፤ ዕድሩ፣ ደቦው፣ ለቅሶውና ሠርጉም ከሌሎች አማኞች ጋር የጋራ ነው። የእሑድ ቀብር የቀረበት ሰው በመንደሩ ይታማል፤ ከቅዳሴ የቀረ ግን የሚያየው የለም። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራው ይጨመርበታል። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ከተመረጠች ወዲህ ስሟ ይበልጥ ታውቋል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ ይበልጡን ቅዳሜና እሑድን ይመርጣል። ፈረስ የሚያከራየውና ጀልባ የሚቀዝፈው ወጣት የሳምንቱን ገቢ የሚያገኘው በሰንበት ነው ማለት ነው።

ለዚህ ወጣት ምን እንበለው? እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 881፣ የእሑድ ግዴታ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ እስከ እሑድ ፍጻሜ ባለው ጊዜ ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል። ሕጉ ሰዓቱን ያሰፋው ምእመኑ ግዴታውን በቀላሉ እንዲወጣ አስቦ ነው። እንግዲህ ቆሞሱና የቁምስናው ምክር ቤት ተቀምጠው በሰዓቱ ላይ ቢመክሩ፣ ከአሥር ስብከት የበለጠ ሰው ሊያመጡ ይችላሉ። ካህን በማይደርስበት መንደርም «ቅዳሴ ከሌለ ለምን እሄዳለሁ?» የሚል አለ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ቅዱስ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ (እ.ኤ.አ. 1963፣ ቁጥር 35)፣ ካህን በሌለበት ስፍራ በዲያቆን ወይም ጳጳሱ በፈቀደለት ሌላ ሰው መሪነት በእሑድና በበዓላት የቃለ እግዚአብሔር ጸሎት እንዲደረግ አሳስቧል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ የሚመራው ጸሎት እንዲሁ የጊዜ ማሳለፊያ አይደለም።

የቋንቋ ነገርም አለ። ዜማችን በግዕዝ፣ ስብከቱ በአማርኛ ሆኖ ሳለ በኦሮምኛ ብቻ የምትጸልይ እናት ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። እርሷ ትታገሣለች፤ ልጇ ግን መዝሙሩ በቋንቋው ወደሚዘመርበት ሌላ ጉባኤ ይሄዳል፤ እኛም «ከዳን» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1852 ጉዱሩ የደረሱት አቡነ ማስያስ (ጉልየልሞ ማሳያ)፣ ሚስዮናውያን አማርኛንና ኦሮምኛን የሚማሩበትን የሰዋስው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1867 በፓሪስ አሳትመዋል። የሥርዓታችንን የግዕዝ ቅርስ የሚወድ ሰው ሁሉ፣ እኛም እንወደዋለን፣ ስብከትና መዝሙር በሕዝቡ ቋንቋ ይሁን ሲባል ሊደነግጥ አይገባውም።

ከሁሉ ይልቅ ልንቆይበት የሚገባን ግን በአክብሮትና በኀፍረት የሚቀሩትን ሰዎች ጉዳይ ነው። በአገራችን ክርስትና ውስጥ ራሱን ያልነጻ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ደጁን ስሞ፣ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ጸልዮ ይመለሳል። በዚህ ልማድ ውስጥ ያለውን ፈሪሃ እግዚአብሔር እናከብራለን። ካቶሊካዊው ምእመንም ያደገው በዚሁ አየር ነው። ያለ ምሥጢረ ተክሊል የሚኖሩ ባልና ሚስት ከቅዱስ ቁርባን መከልከላቸውን ያውቃሉ፤ ከዚያም ከቁርባን የተከለከለ ከቅዳሴም የተከለከለ ይመስላቸዋል። መጀመሪያ ከኋላ ይቆማሉ፤ ቀጥሎ በዓመት በዓል ብቻ ይመጣሉ፤ በመጨረሻም ራሳቸው እየቀሩ ልጆቻቸውን ብቻ ይልካሉ። ልጆቹም ጥቂት ዓመት ቆይተው «አባባ የማይሄድበት ቦታ እኔ ለምን እሄዳለሁ?» ይላሉ። እንዲህ ያለውን ቤት የማያውቅ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ያለ አይመስለንም።

ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አታስተምርም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር (ቁጥር 84)፣ ተፋተው ሌላ ያገቡ ምእመናን እንኳ ቃለ እግዚአብሔርን እንዲሰሙ፣ በመሥዋዕተ ቅዳሴ እንዲገኙ፣ በጸሎት እንዲጸኑና ልጆቻቸውን በእምነት እንዲያሳድጉ አደራ ብለዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ምክር እነዚህ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን የተወገዙ እንዳልሆኑ እንዲያውቁ ያስፈልጋል ብለዋል። ከቁርባን መቆጠብና ከቤቱ መቅረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይልቁንም ብዙዎቹ ጥንዶች እውነተኛ እንቅፋት የለባቸውም። ተክሊሉ የዘገየው ለድግስ የሚሆን በሬና ጠላ ስላልተሟላ፣ ጥሎሹ ስላላለቀ ወይም ከወላጆች አንዱ ወገን የሌላ ቤተ ክርስቲያን አማኝ ስለሆነ ነው። ለምሥጢሩ የሚያስፈልጉት የሁለቱ ነጻ ፈቃድ፣ የካህኑ ቡራኬና ሁለት ምስክሮች ናቸው፤ በሬው በሕገ ቀኖናው ውስጥ የለም። አንደኛው ወገን ኦርቶዶክሳዊ ወይም ወንጌላዊ ቢሆን ቆሞሱ ፈቃድ የሚጠይቅበት መንገድ አለ። አሥር ዓመት አብረው ኖረው ልጆች ያፈሩ ሰዎች፣ ይህን የሚነግራቸው አጥተው አሥር ዓመት ከደጅ ቆመዋል።

በድህነት የሚያፍርም አለ፤ የመዋጮ ስም ዝርዝር በጉባኤ ፊት ሲነበብ ስሙ የማይጠራ ሰው በሚቀጥለው እሑድ አይመጣም። በእኛ በካህናት ወይም በሽማግሌዎች ንግግር ተቀይሞ የቀረም አለ፤ ይህን ምክንያት በግልጽ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በየቤቱ መጸለይን ለምዶ በዚያው የቀረም አይጠፋም። እምነቱን በእውነት የተወ ሰው ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ያነሰ ነው ብለን እናምናለን።

ሐዋርያው ቶማስ በመጀመሪያው የትንሣኤ እሑድ ከጉባኤው ቀርቶ ነበር (ዮሐ. 20)። ለምን እንደ ቀረ ወንጌላዊው አልጻፈም። ባልንጀሮቹ ያዩትን ነገሩት፤ አላመናቸውም፤ ሆኖም ከስምንት ቀን በኋላ ከእነርሱ ጋር በቤት ውስጥ እናገኘዋለን። በእኛ ዘንድ ግን ስለ ቀሪዎቹ የሚነገረው ተግሣጽ የሚሰማው በመጡት ጆሮ ነው።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ሦስት እሑድ በተከታታይ ያላያችሁትን ሰው ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት። ደብተር አትያዙ። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ሂዱ፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ጠይቁ። «ለምን ቀረህ?» የሚለው ጥያቄ ያንኑ የጨዋነት መልስ ያስገኛል፤ «ሳላይህ ጊዜ አሰብኩህ» ብትሉት ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቡና ላይ እውነቱ ይወጣል። የሰማችሁትን ለቆሞሱ ብቻ ንገሩ፤ የጋብቻ ጉዳይ ከሆነ ቀን ያስይዛል፣ ቅሬታ ከሆነ ራሱ ይሄዳል። ቅዱስ ዮስጢኖስ ሰማዕት እ.ኤ.አ. በ155 ገደማ ስለ እሑድ ጉባኤ ሲጽፍ፣ ዲያቆናት ላልተገኙት ሰዎች ቅዱስ ቁርባንን ወደየቤታቸው ይወስዱ እንደ ነበር ገልጿል። የታመመ ወይም በዕድሜ የደከመ ሰው ካለም ስሙን እስከ ቅዳሜ ድረስ ለካህኑ አድርሱ፤ ዳገቱ ሩቅ ከሆነ በቅሎ መፈለግ ያስፈልገዋልና።