የንግድ ቤትን ድረ ገጽ በደንበኛ ዐይን ስለ መመርመር

በሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛው ዕቃውን አንሥቶ፣ ዋጋውን ጠይቆ፣ ሳይገዛ ሲወጣ በዐይኑ ያየዋል፤ ምን እንደ ጎደለም ጠይቆ ለመረዳት ይችላል። በድረ ገጽ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ይህ ዕድል የለውም። ገዢው ገጹን በስልኩ ከፍቶ የሚፈልገውን ያጣ እንደ ሆነ ያለ አንዳች ድምፅ ዘግቶ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ባለቤቱም ገበያው ቀዘቀዘ ይላል እንጂ በሩ የተዘጋ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ማናቸውም ነጋዴ ድረ ገጹን ከማውጣቱ በፊትም ሆነ ካወጣው በኋላ በደንበኞቹ አጠቃቀም ሊመረምረው ይገባል፤ ለዚህም ሥራ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ከወረቀትና ከእርሳስ የበለጠ ወጪ አይጠይቁም።

እንዲህ ያለው የተሰወረ ኪሳራ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ለማስረዳት፣ ጃረድ ስፑል የተባሉት አሜሪካዊ የሙያው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2009 የጻፉት ታሪክ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ስሙን ያልገለጹት አንድ ታላቅ የችርቻሮ ድርጅት፣ ደንበኞቹ ዕቃ መርጠው ወደ ክፍያ ሊያልፉ ሲሉ በመጀመሪያ እንዲመዘገቡ ወይም የይለፍ ቃላቸውን እንዲያስገቡ ያስገድድ ነበር። አዲሶቹ ገዢዎች መመዝገቡን ጠሉት፤ ነባሮቹም የይለፍ ቃላቸውን እየረሱ በየቀኑ እስከ 160,000 የሚደርስ ጥያቄ ያቀርቡ ነበር፤ ከእነዚህም ጠያቂዎች ከመቶ 75ቱ ግዢውን ለመፈጸም ዳግመኛ አልሞከሩም። ባለሙያዎቹ ገዢዎቹን አጠገባቸው ተቀምጠው ከተመለከቱ በኋላ «ተመዝገብ» የሚለውን ቁልፍ አንሥተው «ቀጥል» የሚል ተኩበት፤ ለመግዛት መመዝገብ ግዴታ አለመሆኑንም በአጭር ቃል ጻፉ። ከዚያ በኋላ ገዝተው የሚጨርሱት ደንበኞች ቁጥር በ45 በመቶ ጨመረ፤ በመጀመሪያውም ዓመት የ300 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ሽያጭ ተገኘ። አንድ ባለ ሱቅ ይህን ያህል ትርፍ ባይጠብቅም ነገሩ ለእርሱም ያው ነው፤ አንድ ኪሎ ምስማር ለመሸጥ አስቀድሞ የሚመዘግብ ሱቅ በመርካቶ ቢከፈት ማን ይገባበታል?

ምርመራው የሚካሄደው እንደሚከተለው ነው። ደንበኞችን የሚመስሉ አምስት ሰዎች አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም በወረቀት ላይ የተጻፈ ሥራ ይሰጣቸዋል፤ ለምሳሌ «ለ1 ቶዮታ መኪና የፊት ፍሬን ሸራ ፈልገው ነገ እንዲደርስዎ ይዘዙ» የሚል ይሆናል። ሰውየው በገዛ ስልኩ ይሠራል፤ የሚያስበውንም እየተናገረ ይሄዳል። ተመልካቹ አያስተምርም፣ አይጠቁምም፤ ሰውየው የቆመበትን፣ ወደ ኋላ የተመለሰበትንና የተሳሳተበትን ቦታ ብቻ ይጽፋል። ዝም ብሎ መቀመጡ ለባለቤቱ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው፤ ስለ ሆነም ሥራውን ገጹን ላልሠራ ሰው መስጠት ይሻላል። የሰዎቹ ቁጥር አምስት ይበቃል የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጃኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ስሌት መሠረት አንድ ፈታኝ በአማካይ ከጉድለቶቹ 31 በመቶ ያህሉን ሲያሳይ፣ አምስቱ በአንድነት 85 በመቶ ያህሉን ያወጣሉ። በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተጋባዡ በይሉኝታ «በጣም ጥሩ ነው» ማለቱ የማይቀር ስለ ሆነ፣ ሊመዘን የሚገባው የጣቱ ሥራ ነው እንጂ የአፉ ቃል አይደለም።

ምርመራው ቶሎ ከሚያጋልጣቸው ጉድለቶች አንዱ የዕቃዎች ስም ነው። አስመጪው ዕቃውን በፋብሪካው ዝርዝር እንደ ተጻፈው «ብሬክ ፓድ» እና «ስፓርክ ፕለግ» ብሎ ያኖረዋል፤ መካኒኩ ግን የሚፈልገው «ፍሬን ሸራ» እና «ካንዴላ» ነው። መድኃኒቱ የዕቃዎቹን ስም በትንንሽ ካርዶች ላይ ጽፎ ደንበኞች በየወገኑ እንዲለዩዋቸውና ለእያንዳንዱ ወገን በራሳቸው ቃል ስም እንዲያወጡለት ማድረግ ነው። የገጹም ክፍሎች በመጋዘኑ መደርደሪያ ቅደም ተከተል መሆናቸው ቀርቶ በዚሁ አከፋፈል ይዘጋጃሉ።

ከዚሁ ጋር የፊደላችን ነገር አለ። የፀሐይ ኃይል መብራት የሚያስመጣ ነጋዴ ስሙን «ፀሐይ» ብሎ ቢጽፍ፣ ገዢው «ጸሀይ» ወይም «ፀሃይ» ብሎ ሊፈልግ ይችላል፤ «ኃይል» የሚለውም እንዲሁ በብዙ ዓይነት ይጻፋል። ሰው አንድ አድርጎ የሚያነባቸውን ፊደሎች ኮምፒዩተር የተለያዩ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ዕቃው በመጋዘን ሞልቶ ሳለ «አልተገኘም» የሚል መልስ ይሰጣል። ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ጋር በፍለጋ ጊዜ አንድ እንዲያደርግ አስቀድሞ መታዘዝ አለበት።

የትእዛዝ ቅጹም ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር እንዳለ የተቀዳ ነው። የቤተሰብ ስም በግድ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊው ግን ያለው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። ሙሉ ስም የሚጻፍበት አንድ ሰፊ ቦታ ይበቃዋል። የፖስታ መለያ ቁጥር ካልገባ አላሳልፍም የሚለውም ቅጽ በክፍለ ከተማ፣ በወረዳና በታወቀ ምልክት ሊተካ ይገባል፤ ዕቃ አድራሹ ቤቱን የሚያገኘው በዚህ ነውና። በ09 የሚጀምር ስልክ ብቻ የሚቀበል ቅጽ ደግሞ በ07 የሚጀምር ቁጥር የያዘውን ደንበኛ ሁሉ ከበር ይመልሳል።

ላኪዎች በይበልጥ ሊጠነቀቁለት የሚገባው የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ነው። አንድ ቡና ላኪ በእንግሊዝኛ ገጹ ላይ «የ2016 ምርት» ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢጽፍ፣ በሃምቡርግ ወይም በቶኪዮ ያለው ገዢ ቡናውን ሰባት ስምንት ዓመት የከረመ አድርጎ ያየዋል፤ ለምን እንደዚያ ሆነ ብሎም አይጠይቅም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት የሚለውም የሥራ ሰዓት ሳይለወጥ ከተተረጎመ በሌሊት ስልክ ያስደውላል። ይህ ገዢ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚሻው የመሥሪያ ቤቱን ፎቶግራፍ አይደለም፤ ቡናው የበቀለበትን አገር፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑን፣ ደረጃውን፣ በ60 ኪሎ ከረጢት ስንት እንዳለና ናሙና የሚጠየቅበትን ቦታ ነው።

ስለ ፍጥነትና ስለ ንባብ የሚነገረው አጭር ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መለኪያ የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ መታየት አለበት፤ በክሮም ውስጥ በነጻ የሚገኘው ላይትሃውስ ይህን ለክቶ የትኛው ሥዕል እንደ ከበደ ያመለክታል። የጽሑፉ ቀለምና የመደቡ ቀለም ልዩነት ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርሲየም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ መሠረት ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን ይገባዋል። በነጭ ላይ የተጻፈ ግራጫ ፊደል በቢሮ ውስጥ ያምር ይሆናል፤ በቀትር ፀሐይ በመንገድ ዳር ስልኩን የያዘ ሰው ግን አያነበውም።

የተገኙት ጉድለቶች ከተጠገኑ በኋላ ሌሎች አምስት ሰዎች ተጠርተው ያው ሥራ እንደገና ይሰጣቸዋል፤ አንዱን ሲጠግኑ ሌላው የሚበላሽበት ጊዜ አለና። ድረ ገጽ ለማሠራት የሚዋዋል ነጋዴም የሁለቱን ፈተናዎች ቀን በውሉ ላይ ማስጻፍ፣ የመጨረሻውንም ክፍያ ከሁለተኛው ፈተና በኋላ እንዲሆን ማድረግ ይችላል።