አየር መለኪያው አቧራ ላይ ለምን ይሰንፋል?

አየራችን ውስጥ ጢስና አቧራ መኖሩን ለማወቅ ዓይንና አፍንጫ ይበቃል። «ምን ያህል?» ሲባል ግን መሣሪያ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚለካውን ቁጥር ለሕዝብ ያሳይ ነበር፤ በ2025 ግን ስርጭቱ ቆመ። ደወሌ ላለ ሰው እንኳ ድሮም ብዙ አይጠቅመውም፤ የአዲስ አበባ አየርና የጅቡቲ ወሰን አየር ምን አገናኘው! በካምፓላ የማካሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከ2015 ጀምሮ ለአቧራና ለሙቀት የሚሆን መሣሪያ ራሳቸው ሠርተዋል። እኛስ?

ዕቃው ጥቂት ነው። ፒ ኤም ኤስ 5003 የሚባል ሴንሰር፣ ኢ ኤስ ፒ 8266 ያለበት የዋይፋይ ሰሌዳ፣ የስልክ ቻርጀርና ሦስት ሽቦ። አንዱ ሽቦ 5 ቮልት ይሰጣል፣ አንዱ ኔጌቲቩ ነው፣ ሦስተኛው ቁጥሩን ወደ ሰሌዳው ያደርሳል። ዋይፋይ በሌለበት የስልክ ሆትስፖት ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትንሿ ማራገቢያ አየር ትስባለች፤ የሌዘር ጨረር በአየሩ ውስጥ ሲያልፍ ብናኙ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ብርሃን ተቀባዩ የተበተነውን አይቶ ይቆጥራል። ጠዋት በመስኮት በገባ ጨረር ውስጥ ብናኝ ሲጨፍር ያየ ተማሪ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ቤት ውስጥ ኡንሲ ሲጨስ ቁጥሩ ዘሎ ይወጣል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ይህ ሴንሰር የሚጎብዘው በጢስ ነው፤ የጢስ ብናኝ ደቃቅ ነዋ። ነፋስ የሚያነሳውን ሻካራ አቧራ ግን አብዛኛውን አይቆጥረውም፤ «ፒ ኤም 10» ብሎ የሚሰጠውም በአመዛኙ ግምት ነው። ስለዚህ በደወሌ ነፋስ ቀን ትንሽ ቁጥር ቢያሳይ «አየሩ ንጹሕ ነው» ብሎ ለተማሪ መንገር ስሕተት ይሆናል። ለአቧራው ቫዝሊን የተቀባ መስታወት ክፍሉ መስኮት ላይ አድርጎ፣ በየቀኑ እየቀየሩ በማጉያ መነጽር መቁጠር ይሻላል። ርካሽ ነው፣ አያሳፍርም።

ሴንሰሩን ግን ወደ ማዕድ ቤት እንውሰደው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለደቃቁ ብናኝ፣ ማለትም ለፒ ኤም 2.5፣ ያስቀመጠው የ24 ሰዓት አማካይ በሜትር ኩብ 15 ማይክሮግራም ነው፤ ከዚያ ጋር የሚነጻጸረውም የሙሉ ቀን አማካይ እንጂ እሳት ሲነድ የታየው ቁጥር ብቻ አይደለም። ላሆህ የምትጋግር እናት ተቀምጣ ነውና የምትሠራው፣ መሣሪያው ጣሪያ ሥር ሳይሆን በእሷ አፍንጫ ቁመት ይሰቀል።