ከቀጨኔ እስከ ሶፍ ዑመር፦ ከረጢቱ፣ ገንቦውና ዋሻው

ፊዚክስ በቤተ ሙከራ ብቻ የሚጠና ትምህርት አይደለም። ከሰሜን አዲስ አበባ፣ ከቀጨኔ ተነሥተን በአዳማና በአሰላ በኩል የባሌን ደጋ አቋርጠን ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ ብንወርድ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ ቤተ ሙከራ እናገኛለን። መሣሪያዎቻችን ሁለት ናቸው፤ አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ከረጢትና አንድ የቀጨኔ ሸክላ ገንቦ።

ከረጢቱ

ቀጨኔ ላይ የአየሩ ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። እዚያው 1 ሊትር አየር በከረጢቱ አስገብተን አጥብቀን እንሰር። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ (እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው) ጽሕፈት ቤት ወደሚገኝበት ዲንሾ ስንደርስ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ግፊቱም ወደ 70 ዝቅ ይላል። በቦይል ሕግ መሠረት፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ አየሩ 1.07 ሊትር ይሆናል። በአንጻሩ 1,300 ሜትር ገደማ በሆነው የዋሻው አካባቢ ግፊቱ 87 ያህል ስለሆነ ወደ 0.86 ሊትር ይኮማተራል።

ገንቦው

ያልተቀባ ሸክላ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ውሃው በእነርሱ በኩል እየሰረገ ከገንቦው ውጭ ይተናል። 1 ግራም ውሃ ሲተን 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ከ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ብቻ ቢተንና ሙቀቱ ሁሉ ከውሃው ቢወሰድ፣ የቀረው ውሃ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቀዘቅዛል። አየሩ በደረቀ መጠን ትነቱ ስለሚፈጥን፣ ገንቦው ይበልጥ የሚያገለግለን በቆላው ነው።

ዋሻው

ሶፍ ዑመር በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራ፣ በሙስሊሞች ዘንድ የተከበረ ሥፍራ ነው። የተለካው መተላለፊያ ርዝመት ከ15 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዐለቱ በጁራሲክ ዘመን፣ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በባሕር ሥር የተከማቸ የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና በተለይም ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይህም አሲድ ካልሲየም ካርቦኔቱን ቀስ በቀስ ያሟሟል። የወይብ ወንዝ ደግሞ ስንጥቆቹን እያሰፋ፣ በጠጠርና በአሸዋ እየፋቀ አዳራሾቹንና ዓምዶቹን ቀርጿል።

የጎርፉ ስሌት

ወንዙ ዛሬም በዋሻው ውስጥ ያልፋል፤ ምንጩ ግን ሩቅ ተራሮች ላይ ነው። ውሃው በሰከንድ 1.5 ሜትር እየፈሰሰ 100 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ብንል፣ የሚፈጅበት ጊዜ 18 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ ትናንት ማታ በደጋው የዘነበው ዝናብ ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ሊደርስብን ይችላል። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያው የውሃ መጠን ማለፍ ስላለበት ከፍታውም ፍጥነቱም ይጨምራል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው ሰውን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ጉልበት የማይሞላ ውሃ ጎልማሳን ሊጥል የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ ዋሻው የሚገባ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «እዚህ ዘንቧልን?» ሳይሆን «ትናንት በተራራው ዘንቧልን?» የሚለው ነው። መልሱንም ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት የአገሩ መሪዎች ናቸውና ያለ እነርሱ አንግባ።

መልመጃ፦ ከረጢቱ ቀጨኔ ላይ ሲታሰር አየሩ 15፣ ዋሻው አጠገብ ደግሞ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን፣ የመጨረሻው ይዘት ስንት ሊትር ነው? (መልስ፦ 0.90 ገደማ)