የጭቃ ግድግዳን ከውጭ በጣውላ ስለ ማልበስ

እንደሚታወቀው ከተቋማችን ተመርቀን ስንወጣ ብዙዎቻችን የምንመደበው በገጠር ትምህርት ቤቶች ነው። እዚያም ከሚጠብቁን የመማሪያ ክፍሎች መካከል በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆመው፣ በጭቃ ተመርገው፣ ከላይ ቆርቆሮ የለበሱት ጥቂት አይደሉም። የጭቃ ግድግዳ የሚናቅ ግድግዳ አይደለም። የቀኑን ሙቀት ያበርዳል፣ የሌሊቱን ብርድ ይከላከላል፣ ወላጆችም በራሳቸው ጉልበት ይሠሩታል። ጠላቱ ውሃ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ዝናብ የሚመታው ጎን ምርጊቱ ይረግፋል፣ ማገሩ ይገለጣል፣ ነፋሱ በተማሪው ጀርባ ይገባል። በጋ ሲሆን ወላጅ ተጠርቶ ጭቃው በጭድ ይረገጥና እንደገና ይመረጋል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም «ለምን ያንን ጎን በጣውላ አናለብሰውም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ገንዘቡ የሚወጣው ከወላጅ ኪስ ስለሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባናል።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ እናንሳ። እንጨትን የሚገድለው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ዕድሜ» ይላል። ነገር ግን በላስታ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንመልከት። ከ800 ዓመት በላይ እንዳስቆጠረ የሚነገርለት ይህ ሕንፃ የውጭ ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ የተሠራ ሲሆን፣ እንጨቱ እስከ ዛሬ አለ። ምክንያቱም ሕንፃው በትልቅ ዋሻ ውስጥ በመሆኑ ዝናብ አይመታውም። በኖርዌይ አገርም ከእንጨት ብቻ የተሠሩ የዚያኑ ያህል ዕድሜ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ። እነዚህ ያለ ዋሻ፣ ዝናብና በረዶ እየወረደባቸው ነው የቆሙት። ከነሱ በፊት የነበሩት ምሰሶአቸው መሬት ውስጥ ስለተቀበረ በስብሰው ወደቁ። የኋለኞቹ ግን ከመሬት ከፍ ብለው ድንጋይ ላይ ስለተቀመጡ ቆዩ። እንግዲህ እንጨት ቢረጥብም መልሶ የሚደርቅበት መንገድ ካገኘ ብዙ ይኖራል። ረጥቦ ከቀረ ግን አለቀለት።

በእኛው አካባቢም ይህ ይታያል። በጨንቻ ደጋ የዶርዜ ሰዎች የሚሠሩት የቀርከሃ ቤት የታወቀ ነው። መሬት የነካው የታችኛው ጫፍ በምስጥና በእርጥበት ሲበላ ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል፤ የላይኛው አካል ግን ደህና ነው።

ወደ ጣውላው እንመለስ። በየሰፈሩ የሚታየው አሠራር ጣውላውን በጭቃው ላይ አጣብቆ መምታት ነው። ለጥቂት ወራት እጅግ ያምራል። ይሁን እንጂ የቱንም ያህል ቢጠጋጋ በጣውላ መካከል ጥቂት ውሃ ሾልኮ መግባቱ አይቀርም። የገባው ውሃ በጭቃና በእንጨት መካከል ታፍኖ ይቀመጣል። ጭቃው ከኋላ ይለሰልሳል፣ ጣውላው ከኋላ ይሻግታል፣ ከፊት ለፊት ግን ምንም አይታይም። ስለዚህ ጣውላው ከጭቃው መራቅ አለበት። ይኸውም በመጀመሪያ ሞራሌ ወደ ታች በቁሙ ይመታል። ሞራሌው የሚያያዘው ከጭቃው ጋር ሳይሆን ከውስጥ ካለው ቋሚ ጋር ነው፤ ጭቃ ሚስማር አይዝምና። በሞራሌዎቹ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ጣውላው በነሱ ላይ አግድም ሲመታ ከኋላው ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይቀራል። የገባው ውሃ በዚያ ወርዶ ይወጣል፣ አየርም ከታች ገብቶ በላይ ይወጣል። የታችኛውን ክፍት አይጥ እንዳይገባበት በወንፊት ሽቦ መሸፈን ነው እንጂ በጭቃ መድፈን ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

የመጀመሪያው ጣውላ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ከቆርቆሮው የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬቱን መትቶ ሲፈናጠር ብዙ የሚያርሰው የግድግዳውን እግር ነው። ሌላም ምክንያት አለው። ምስጥ ከመሬት ሲወጣ በራሱ የጭቃ መተላለፊያ ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚሄደው። እግሩ ባዶ ከሆነ መተላለፊያው ይታያል፣ ተማሪም ቢሆን በእንጨት ጭሮ ያፈርሰዋል። ጣውላው መሬት ከነካ ግን ለምስጥ መጋረጃ ሠራንለት ማለት ነው።

ሥራው ከታች ወደ ላይ ነው። የላይኛው ጣውላ የታችኛውን ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ይደርባል፤ ልክ እንደ ሣር ክዳን። ሚስማሩ የላይኛውን ብቻ ይውጋ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይስፋቸው። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፣ በስፋቱ ግን ያብጣል፣ ይሸበሸባል። 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ሊቀንስ ይችላል። ከላይም ከታችም በሚስማር ከተያዘ የት ይሂድ? መሐሉን ይሰነጠቃል። የሚጠራጠር ካለ እርጥብ ጣውላ በማስመሪያ ለክቶ ቁጥሩን ራሱ ጣውላው ላይ ይጻፍና ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ይለካው። ለሳይንስ ክፍለ ጊዜም ጥሩ ሙከራ ይወጣዋል።

የእንጨቱ ዓይነትስ? የሐበሻ ጥድ ምስጥንና ብስባሽን በመቋቋም የታወቀ ነው። ሆኖም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ በሌሎች ቢተካም ምክንያቱ ዛሬም አለ፤ ዛፎቹ ተመናምነዋል። ለአንድ የክፍል ግድግዳ ሲባል ጥድ መቁረጥ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ዝግባ ውጭ ሲውል ቶሎ ይበላሻል። የሚቀረን ባሕር ዛፍ ነው። እሱም ጠማማና ሰንጣቃ በመሆኑ በጥላ ሥር ተደርድሮ መድረቅ አለበት። ሚስማር ከመግባቱ በፊት በመሰርሰሪያ ይበሳ። ከግንዱ ዳር የሚወጣው ርካሽ ጣውላም ይሆናል፤ ቅርፊቱ ግን ሙልጭ ብሎ ይላጥ፣ ነፍሳት የሚደበቁት ከሥሩ ነው። ችፑድ ውጭ አይሞከርም፣ ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ብዙ ሰው ይቀባል፤ ልጆች ተደግፈው በሚቆሙበት ግድግዳ ላይ ግን ባይሆን ይሻላል፤ ቆዳን ይጎዳል፣ ልብስም ያበላሻል።

አራቱንም ጎን ማልበስ አያስፈልግም። ዝናብ እንዳባራ ቤቱን ዞሮ ማየት ነው፤ የራሰው ጎን ራሱ ይናገራል። የቆርቆሮው ጫፍ አጭር ከሆነ ደግሞ እሱን ማስረዘምና ከሥሩ ቦይ መቆፈር ይቅደም። አንዳንድ ጊዜ ይህ ብቻውን ይበቃል፣ ጣውላ መግዛትም ይቀራል።

ስሌቱን ለተማሪዎች መስጠት ይቻላል። መስኮት የሌለው ግድግዳ 8 ሜትር ይረዝማል፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ40 ነው። ከታች 20 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ 220 ይቀራል። ተማሪው ወዲያው 220ን ለ20 ያካፍልና 11 ረድፍ ይላል። ባለ 4 ሜትር ጣውላ ከሆነ በየረድፉ ሁለት፣ በድምሩ 22 መሆኑ ነው። ግን መደራረቡስ? ከመጀመሪያው ጣውላ በኋላ እያንዳንዱ የሚሸፍነው 17 ብቻ ነው። ስለዚህ 13 ረድፍ፣ 26 ጣውላ ያስፈልጋል። አናጺው መሰላል ላይ ቆሞ አራት ጣውላ ጎደለ ማለት ነው። አሥራ ሦስቱ ረድፍ 224 ሳንቲ ሜትር ስለሚሸፍን 4 ይተርፋል። የመጨረሻውን ጣውላ በመጋዝ ከመቁረጥ ትርፉን ለ12ቱ መደራረቢያ ማከፋፈል ይሻላል፤ እያንዳንዱ ከ3 ሳንቲ ሜትር በመጠኑ በልጦ 3 ነጥብ 3 ያህል ይደርባል።